ኦኒህ ድንክ ዶሮዎቿን ጎንግ ግቢ ያስገባች ጊዜ

ጎረቤቴ ኦኒህ ጣውንት እንዳለባት ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር። ጣውንቷ እግሩ እንደ ቀርከሃ የወፈረ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጎንግ የሚባል አውራ ዶሮ ነው። ፔሉንግ ከሚባለው ዘፋኝ ዘር ነው፤ አንዴ ከጮኸ ድምፁ ከፍ ብሎ ይጀምርና እየተጥመዘመዘ ይወርዳል፣ አለቀ ሲሉት እንደገና ይነሳል። ባሏ ሳህሪ ያን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። ኦኒህ ደግሞ እሱ ዓይኑን ሲጨፍን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች።

የእነሱን ግቢ ከእኔ የሚለየው የካሳቫ አጥር ብቻ ስለሆነ ብዙ ነገር ሳልፈልግም እሰማለሁ። ሳህሪ ግንበኛ ነው። ጠዋት ከስግደት መልስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጎንግ ነው። ውሃ ለብ አድርጎ በጨርቅ ያጥበዋል፣ አንገቱን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ያሸዋል፣ የእንቁላል አስኳል በማር መትቶ ያጎርሰዋል። ኦኒህ በዚያ ሰዓት ወደ ሩዝ ማሳ ለሚወርዱ ሰዎች የምትሸጠውን ስኳር ድንችና ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ በዘይት እየጠበሰች ነው። ወጥቶ ሲያልፍ አንዱን ትኩስ ድንች አንስቶ "ልሂድ" ይላታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ወገቤን ሲያመኝ 'ጋደም በይ፣ ይተውሻል' ይለኛል" አለችኝ አንድ ቀን። "ጎንግ አንዴ ቢያስነጥሰው ግን ዝንጅብል ፍለጋ ከተማ ወረደ።"

"ዶሮን ጣውንት ትያለሽ እንዴ፣ አንቺ ልጅ?"

"ምን ልበለው ታዲያ፣ እማ? አብረው ማደር ብቻ ነው የቀራቸው።"

እየሳቀች ነበር የምትናገረው፣ እጇ ግን መጥበሻውን የሚያማስለው በንዴት ነበር። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ባንዱንግ ከተማ ፋብሪካ ገብተው እዚያው ካገቡ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ሰው የሚመለከተውን ይፈልጋል፤ ሳህሪ የሚመለከተው ጎንግን ነው፣ ኦኒህ የምትመለከተው ሳህሪን ነው፣ ኦኒህን የሚመለከት አልነበረም።

እህቷ ኤሮህ ልጇ ዘንድ ለመኖር ወደ ባንዱንግ ስትሄድ ድንክ ዶሮዎቿን ለኦኒህ ተወችላት። አንድ አውራና ሁለት ሴቶች ናቸው። ኦኒህ ከአንዲት ሴት ሞተር ኋላ ተቀምጣ፣ ቅርጫቱን በሻርፕ ሸፍና እንደ አራስ ልጅ አቅፋ አመጣቻቸው። ሻርፑን ስትገልጠው እኔም ሳቅ አመለጠኝ። እግራቸው ከማጠሩ የተነሳ ሆዳቸው መሬት ይነካል። አውራው ጅራቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ግቢውን የገዛው ይመስል ዙሪያውን ቃኘ።

"ይሄማ ሚጥሚጣ ነው" አለች ኦኒህ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ከዚያ እንደ ወጋችን የሦስቱንም እግር በውሃ አጥባ እጣቢውን ምድጃው ሥር አፈሰሰችው። እግሩ ያልታጠበ ዶሮ እንግዳ ነው፤ የታጠበ ግን የቤቱ ነው። ሳህሪ ከሥራ ሲመለስ ምድጃው ሥር ያለውን እርጥብ አመድ ሲያይ ወዲያው ገባው።

"እግራቸውን አጠብሽ?"

"አጠብኩ።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ጎንግን ስታመጣው እኔን ጠየቅከኝ?"

ሳህሪ አፍንጫውን አሸና ወጣ። የእሱ ጭንቀት እነሱን ማብላቱ አልነበረም። ማምሻውን ወዳጁ ኤንቲስ መጥቶ ሚጥሚጣ ሲጮህ ሰማው። የድንክ ዶሮ ጩኸት አጭርና ቀጭን ነው፣ ቁርጥ ይላል። ኤንቲስ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ።

"ሳህሪ፣ አብደሃል? ይሄን ጎንግ አጠገብ?"

"የሷ ነው።"

"የማንም ይሁን። ጎንግ ይሄን ሲሰማ ውሎ ቢያድር ድምፁ ያጥራል። ከወንዙ ማዶ አንዱ ሰውዬ ላይ ደርሷል፤ ሸጋ ፔሉንጉ የድንኩን ጩኸት ለምዶ የጩኸት ውድድር ላይ ቁርጥ አድርጎ ጮኸና ሰው ሳቀበት። ውድድሩ ከአጨዳ በኋላ ነው፣ አስብበት።"

የእኛ መንደር ፔሉንግ አርቢዎች ሁሉ ይህን ያምናሉ። ሳህሪም አመነ። ማታውኑ ለኦኒህ ቁርጡን ነገራት፤ ከእሱ ዶሮዎች አንዷ ከተረበሸች ወይም የጎንግ ድምፅ ካጠረ ድንኮቹ ከግቢው ይወጣሉ። ሚጥሚጣ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ድምፁ እንዳይሰማ ክዳኑ ዝቅ ያለ ሣጥን ውስጥ ይደር፤ ዶሮ አንገቱን ካላቀና አይጮህም።

"እግራቸው ታጥቧል" አለች ኦኒህ።

"ታጥቦም ይወጣል።"

በማግስቱ አጥሩ ላይ ተደግፋ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "እማ፣ ከዚህ ቤት ውስጥ የኔ የሆነ ምን አለ? ድስቱ ነው። ድስቱም ቢሆን የጎንግ ውሃ ይሞቅበታል። እነዚህን አላስወጣም።"

ሥራው ግን እንደ ቃሉ ቀላል አልነበረም። ሳህሪ ለጎንግ ያኖራቸው ትልልቅ ሴት ዶሮዎች አሉ፤ አለቃቸው ኒያይ የምትባል ግራጫ ዶሮ ናት። ኒያይ ስታልፍ ሌሎቹ ከመንገድ ይወርዳሉ። ኦኒህ ድንኮቹን ግቢው መሀል አስቀምጣ የቀርከሃ ቅርጫት ደፋችባቸው፣ ይተያዩ ብላ። ኒያይ ቅርጫቱን ዞረችው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎን አየቻቸው። ከዚያ አንገቷን በቀርከሃው ክፍተት አስገብታ አንደኛዋን ድንክ ጭንቅላቷ ላይ ነቆረቻት።

"እንዲህማ አይደረግም" አለቻት ኦኒህ፣ ሰውን እንደምትቆጣ። ቅርጫቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሩዝ በመዳፏ አድርጋ ድንኮቹን ማብላት ጀመረች። ጠዋትም ማታም እንደዚያው። ኒያይ ራቅ ብላ ቆማ ታያለች።

በመጨረሻ ተላምደዋል ብላ ቅርጫቱን አነሳችው። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ኒያይ አንድም ድምፅ ሳታሰማ መጣች። ክንፏን ከፈት አድርጋ፣ አንገቷን አስግጋ፣ በቀጥታ ወደ ትንሿ ሮጠች። የቀሩት ተከተሏት። ላባ በግቢው ተነሰነሰ። ሚጥሚጣ በመሀል ገብቶ ለመዋጋት ሞከረ፤ ምስኪን፣ ኒያይ በላዩ ላይ ተራምዳበት አለፈች። ትንሿ ሸሽታ ከማገዶው ክምር ሥር ተሸጎጠች። ኦኒህ በሆዷ ተኝታ እጇን ሰድዳ ስታወጣት የጭንቅላቷ ቆዳ ተልጦ ደም ይወርዳት ነበር።

ሳህሪ በር ላይ ቆሞ አይቶታል። "አልኩሽ" አለ። "እሁድ ለሚፈልጋቸው ሰው ስጪያቸው።"

"የተረበሸችው የኔ ናት እንጂ ያንተ አይደለችም።"

"የኔም እንቁላል መጣል አቁመዋል።"

ኦኒህ ትንሿን ይዛ ወደ ኩሽናው ጀርባ ሄደች፣ እርድ አድቅቃ ቁስሏን ቀባቻት፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። እኔ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ።

"ኦኒህ" አልኳት፣ "ጠዋት ስትወጪ መጀመሪያ ማንን ነው የምታበዪው?"

"ትንንሾቹን ነዋ። የተበደሉት እነሱ አይደሉ?"

"ድንኮቹ ሳይመጡ ከእጅሽ የምትበላው ማን ነበረች?"

ትንሽ አሰበች። "ኒያይ።"

"አሁንስ?"

አንገቷን አስግጋ ግቢው ውስጥ ኒያይን በዓይኗ ፈለገች።

"ሁለተኛ ልጅሽን ስትወልጂ ሊጠይቅሽ የመጣ ሰው ሁሉ ስጦታውን መጀመሪያ ለማን ነበር የሚሰጠው? ለትልቋ አልነበረም? ሕፃኗ ምን ታውቃለች። ትልቋ ናት እናቷን የተቀማችው። ኒያይም ቀንታብሽ ነው።"

"ዶሮም ይቀናል እንዴ?"

ትክ ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ዓይኗ ገና እርጥብ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። ኦኒህ ጠዋት ስትወጣ "ኒያይ፣ ነይ እመቤቴ" ብላ ትጠራለች። ለኒያይ በመዳፏ ታበላታለች፣ ጀርባዋን ትዳብሳለች። ድንኮቹ ቅርጫት ውስጥ ሆነው ያያሉ። እነሱን የምታበላቸው ኒያይ ጠግባ ስትሄድ ነው፣ ያውም በዓይኗ ሥር፣ ደብቃ ሳይሆን። ኒያይ መጀመሪያ ላይ ጥርጣሬ ያዛት፤ እየበላች ሳለ በአንድ ዓይኗ ወደ ቅርጫቱ ትመለከት ነበር። ቀን በቀን መመልከቱ ቀነሰ። ከሙዙ ግንድ ኋላ ሁለተኛ የምግብ ሣህን ተቀመጠ። የቆሰለችው ስትድን ኦኒህ አንድ ምሽት፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ትልልቆቹ ቆጥ ላይ ወጥተው ማየት ሲሳናቸው፣ ሁለቱን ድንክ ሴቶች ከኋላ በኩል አምጥታ ጥግ ላይ አሰፈረቻቸው። ሲነጋ ሁሉም ከአንድ ቆጥ ወረዱ። ኒያይ ትንሿን አንዴ ጠቅ አደረገቻት፣ እንደ ደንቡ፤ ከዚያ ትታት ምግቧን ለመልቀም ሄደች።

ኦኒህ አጥሩ ላይ መጥታ "ጠቅ ብቻ ነው ያደረገቻት፣ እማ" አለችኝ። ልጇ ፈተና ያለፈችላት ሴት ትመስል ነበር።

ሳህሪም አየ። ስጪያቸው ያለው እሁድ አለፈ፣ ስለ መስጠት አላነሳም። የቀረው ሚጥሚጣ ነበር። እሱ ቀን ከሚስቶቹ ጋር ይውላል፣ ጎንግ በራሱ ከፍ ያለ ቤት ውስጥ ስለሆነ አይገናኙም፤ ማታ ማታ ሚጥሚጣ ወደ ሣጥኑ ይገባል።

አንድ ቀን ኦኒህ ክዳኑን በደንብ አልገጠመችውም። ጎህ ሲቀድ ሚጥሚጣ ክዳኑን በራሱ ገፍቶ ወጣና ምድጃው አጠገብ ያለው የማገዶ ክምር ላይ ቆሞ ያችን ቁርጥ ያለች ጩኸቱን ለቀቃት። ደግሞም ደገማት። ኦኒህ እንዳጋጣሚ በሩ ላይ ነበረች፣ ልትይዘው ስትሮጥ ሳህሪም ከታጠበበት ወጣ፣ ፊቱ ውሃ እየተንጠባጠበ። እኔም ከአልጋዬ ተነስቼ አጥሩ ጋ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

ጎንግ ከቤቱ ውስጥ ክንፉን ሲያራግብ ተሰማ፤ ጮኸ። ጩኸቱ ተነሳ፣ ተጥመዘመዘ፣ ወረደ፣ ይበቃዋል ስንል እንደገና ተነሳ፣ አሁንም ወረደ፣ መጨረሻው ላይ እንደሚያንጎራጉር ሰው አጉረምርሞ አበቃ። እንደዚያ ጮኾ አያውቅም ነበር። ሚጥሚጣ መለሰለት። ጎንግ ከመጀመሪያው በረዘመ መለሰ።

"አትንኪው" አለ ሳህሪ በሹክሹክታ። "ኦኒህ፣ ተይው፣ አትንኪው።"

የምሥራቹን ለኤንቲስ ለመንገር ፊቱን እንኳ አላደረቀም። ኤንቲስ መጥቶ ሁለት ጠዋት ካዳመጠ በኋላ "ቀንቶ ነው" አለ። "ባላንጣ መጣብኝ ብሎ ነው። ሁላችንም ተሳስተን ኖረናል።" ማዶ ያለውን ሰውዬ ወሬ ያወራው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

ኦኒህ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ደስ ያላት ለጥቂት ቀን ነው። ሣጥኑ ተጣለ፣ ድንኮቹ የግቢው ሆኑ፣ ማንም ውጡ አይላቸውም። ግን ሳህሪ ጠዋት ከጎንግ በፊት ሚጥሚጣን መጎብኘት ጀመረ። አስኳል በማር ያበላዋል። "ና የኔ ጀግና" ይለዋል። ሚጥሚጣም ሆዳም ነውና የሳህሪን ኮቴ ሲሰማ እየተንከባለለ ይሮጣል። ኦኒህ ስትጠራው ዞር ብሎ አይቷት ወደ ሳህሪ ይሄድ ጀመር።

አንድ ጠዋት የቴምፔው ዘይት ሲያር ሸተተኝ። ኦኒህ እንደዚያ አታደርግም። ብቅ ብል ማማሰያዋን ይዛ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች፣ ሳህሪ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ሚጥሚጣን ለብ ባለ ውሃ ያጥባል፤ ያንኑ ጨርቅ ይዞ፣ ያንኑ አንገት ማሸት።

"ዘይትሽ" አልኳት።

"ይረር።" ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። "እሱንም ወሰደብኝ፣ እማ። አንድ የኔ የነበረው እሱ ነው። እኔን ለማየት ቀና ያላለ ሰው ለሱ ውሃ ያሞቃል።"

ውድድሩ እሁድ ነበር። የዋዜማው ዕለት ሳህሪ የጎንግን መሸከሚያ ሣጥን ጠረገ፣ ከሞተሩ ኋላ ወንበር ላይ በገመድ አስሮ ሞከረው። ትንሽ ቅርጫትም አመጣ።

"ሚጥሚጣን ይዤው እሄዳለሁ" አላት። "ጎንግ ተራው ሳይደርስ ድምፁን ያሰማውና ያነሳሳዋል። ኤንቲስ በሞተሩ ይይዝልኛል።"

"አይሄድም።"

"ምን?"

"የኔ ነው፣ አይሄድም።"

ሳህሪ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሁድ ጠዋት ግን ኦኒህ ሚጥሚጣን ኩሽና አስገብታ ቅርጫት ደፍታበት፣ ራሷ መግቢያው ላይ ተቀምጣ ነበር። በሄደችበት ሰርግ ሁሉ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ኤንቲስ ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩንባ ይነፋል። ጎንግ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ሳህሪ ሞተር ላይ ታስሯል። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ልብሴን የማሰጣ መሰልኩ፤ የታጠበ ልብስ አልነበረኝም።

"ኦኒህ፣ ተነሺ፣ ረፈደ።"

"ጠይቀኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ሰው እንደሚጠይቅ።"

ሳህሪ አፍንጫውን አሸ። "ሚጥሚጣን አውሺኝ።"

"እሱ ብቻውን አይሄድም። እኔ ይዤው እሄዳለሁ።"

ከውጭ ኤንቲስ ሰማ። "ሚስት ይዞ ፔሉንግ ውድድር የሚሄድ ማን አለ? ሳህሪ፣ ሊስቁብህ ነው። ደግሞ ምን ላይ ልትቀመጥ ነው?"

ችግሩም መቀመጫው ነበር። ከሳህሪ ሞተር ኋላ ጎንግ አለ። ኤንቲስ ኋላ ባዶ ነው፣ ግን ኦኒህ ከሌላ ወንድ ኋላ አትቀመጥም፣ ሳህሪም አያስቀምጣትም። ኦኒህ የምትሄድ ከሆነ ከሳህሪ ኋላ መቀመጥ ያለባት እሷ ናት፤ ጎንግ ወደ ኤንቲስ ሞተር መሄድ አለበት። ሳህሪ ደግሞ ጎንግን ለማንም ሰው፣ ለወንድሙ እንኳ፣ አስይዞ አያውቅም። ኤንቲስ በዚያ ላይ ጉድጓድ አይቶ የማይቀንስ ሰው ነው፣ አገር ያውቀዋል።

ሳህሪ ሞተሩን አየ። ሣጥኑን አየ። ከዚያ ኦኒህን አየ፣ ረዘም አድርጎ። ቀሚሷን፣ በሻርፕ የተሸፈነ ፀጉሯን፣ ለመነሳት ያልተንቀሳቀሱ ጉልበቶቿን። በስንት ጊዜው እንደሆነ አላውቅም።

"እንደዚህ መሄድ ትፈልጊ ነበር?" አላት።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ሳህሪ ሄዶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። እጁ ዘግየት ይላል። ሣጥኑን አንስቶ ኤንቲስ ኋላ ሲያስር ቋጠሮውን እየደጋገመ ፈተነው። "ቀስ ብለህ ንዳ። ድልድዩ ጋ ውረድና ግፋው።"

"እኔ ሚስት የለኝም እንጂ እንዲህ አታደርጉኝም ነበር" አለ ኤንቲስ፣ ግን ዝግ ብሎ ወጣ።

ኦኒህ ሚጥሚጣን ይዛ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራግፋ ከሳህሪ ኋላ በጎን ተቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም። ኒያይና የቀሩት፣ ትልልቆቹም ትንንሾቹም፣ ሞተሩ ሲነሳ ተበታትነው ተመልሰው ተሰበሰቡ።

የተመለሱት ከቀትር በኋላ ነው። ጎንግ አላሸነፈም፤ ከተወዳዳሪዎቹ መሀል አካባቢ ሆኖ ጨረሰ። የሳቁም ነበሩ፣ በኋላ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ሚጥሚጣን ከየት አመጣችሁት ብለው ኦኒህን ጠየቋት፤ እሷም አፏን ሞልታ መለሰች። ይህን የነገረችኝ ማምሻውን፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ ፀሐይ የመታው ፊቷ ቀልቶ ነው።

"መንገዱንስ?" አልኳት።

"እሱን አይጠይቁኝ። ሳህሪ መንገዱን ሙሉ አንገቱ ኤንቲስ ሞተር ላይ ነበር፣ ጎንግ ወደቀ አልወደቀ እያለ። እኔ ከኋላው ሆኜ አንጀቴ አረረ። መጨረሻ ላይ 'ፊትህን ወደ መንገዱ አርግ፣ ጎንግ ባይወድቅ እኔ እወድቃለሁ' አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"'ያዢኝ እንግዲያ' አለኝ።"

"ያዝሽው?"

"በአንድ እጄ" አለች ኦኒህ። "ሌላው ሚጥሚጣን ይዟል።"